ታክሲና ወረፋ ላይ ማጥባት

ጥያቄ፦ እናቶች፣ የሁለት ወር ሕፃን ሰው መሀል ሲጠባ ነጠላ ከተደረበበት ይታገላል፣ ጡቱንም ይለቃል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ፊቱን አትሸፍኚው፤ ይሞቀዋል፣ አንቺም አፉን አታዪውም። ነጠላውን በትከሻሽ አሳልፈሽ ከጡትሽ በላይ ያለውን ብቻ ጋርጂበት። ከታች የራሱ ገላ ይሸፍንሻል። ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ልብስም ያግዛል።

መልስ፦ አያያዙንም እዪ። አፉን በሰፊው ሲከፍት አስጠጊው፤ አገጩ ጡትሽን ይንካ፣ የታች ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገልበጥ። ጫፉን ብቻ ከያዘ ያቆስልሻል፣ ወተቱም በደንብ አይወርድለትም። ያኔ አትጎትቺው፤ ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂውና እንደገና አስይዢው።

መልስ፦ እስኪያለቅስ አትቆዪ! እጁን ሲልስ፣ አንገቱን ወዲያ ወዲህ ሲያዞር ጀምሪ። ወረፋ ላይ ከሆነ ደግሞ መቀመጫ ጠይቂ፤ የእኛ ሰው ለምታጠባ እናት «አረፍ በይ» ብሎ ይነሣል።