ወላጅ ለጉብኝት ሲመጣ የት ይወሰዳል? አባዬና የከሰሉ ጉድጓድ

የሞላሌ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች እንዴት ከረማችሁ። እናትና አባቴ ቪዛ ወጣላቸው እግዚአብሔር ይመስገን፣ የ6 ወሩ ቪዚት ቪዛ ነው፣ በሚመጣው ወር ከመንዝ ተነስተው እኔ ጋ ካርዲፍ ይገባሉ። አሁን ጭንቄ የት ላዙራቸው ነው። ለንደን ባቡሩም ማደሪያውም ኪስ ያደርቃል፣ የጓደኛዬን እናት ደግሞ ሞል ወስደዋት እግሬን አመመኝ ብላ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ነው የዋለችው። ወላጅ ያመጣችሁ እስቲ ምከሩኝ።

ጣርማ በር፦
እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ይሄን የምጽፍልህ ደብረ ሲና አባዬ ቤት ቁጭ ብዬ ነው፣ ለእረፍት መጥቼ፣ ጉሙ ከላይ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል ኔትወርኩም አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል ስለዚህ ብቆራረጥ ታገሱኝ። ጥያቄህን ለአባዬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ ገና ሳልጨርስ «ጉድጓዱ ጋ ይውሰዳቸው» አለ።

ጉድጓዱ የሚለው ቢግ ፒትን ነው፣ ብሌናቮን የሚባል ከተማ አናት ላይ ያለ የድሮ የድንጋይ ከሰል ማውጫ፣ ካንተ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። በፈረንጅ 1980 ስራ አቆመ፣ በ1983 ለጎብኚ ተከፈተ፣ አካባቢው በሙሉ ደግሞ በ2000 የዩኔስኮ ቅርስ ሆነ። አባዬ ባለፈው ዓመት መጥቶ ነበር፣ እኔም እንደ ሰው መጀመሪያ ለንደን ነው የወሰድኩት፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ ቢግ ቤን ስር ስናቆመው የእጅ ሰዓቱን አየ፣ ላይ አየ፣ «ልክ ነው» አለ፣ በቃ። ቢግ ፒት የሄድነው እውነቱን ልንገራችሁ ሙዚየሙ መግቢያው ነፃ ስለሆነ ነው፣ አብሮኝ የሚሰራ የዌልስ ሰው ነው የጠቆመኝ።

ገና መንገድ ላይ እያለን ደስ ብሎታል። ኮረብታው፣ በጉ፣ ነፋሱ፣ ዛፍ የሌለው ሜዳ፣ «ይሄማ መንዝ ነው» እያለ ጋቢውን ይሰበስባል። ከዚያ አንዱን ጉብታ በጣቱ አሳየኝና «ይሄ የእግዜር አይደለም» አለኝ። አባዬ ዕድሜውን መንገድ ስራ ላይ ነው የጨረሰው፣ የተቆለለ አፈርና የቆመ ተራራ አይምታታበትም። እውነቱን ነው፣ ከጉድጓድ የወጣ ትራፊ አፈር ነው፣ ለዘመናት እየተቆለለ ሳር የበቀለበት። በዚያው በዌልስ አበርፋን የሚባል መንደር በ1966 እንዲህ ያለው ክምር በዝናብ ውሃ ጠጥቶ ተንዶ ትምህርት ቤት ላይ ወርዶ 144 ሰው እንደገደለ፣ 116ቱ ልጆች እንደሆኑ ስነግረው መኪናው ውስጥ ዝም አለ። በ1998 በኛ፣ ከኛ በታች መሬቱ ሲንሸራተት ቤቱን ጥሎ የወጣ ዘመድ አለን፣ እሱን እያሰበ መሰለኝ፣ አልጠየቅኩትም።

መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ። ስልክ፣ ባትሪ ያለው ሰዓት፣ ላይተር፣ የመኪና ቁልፍ ሳይቀር ታስረክባለህ፣ ምክንያቱም ቦታው ዛሬም በማዕድን ማውጫ ሕግ ነው የሚተዳደረው፣ ከከሰል የሚወጣ ሜቴን የሚባል ጋዝ አለ እና ትንሽ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። ሰውየው «ባትሪ ያለው ነገር አለ?» ሲል እኔ ለአባዬ «ባትሪ ይዘሃል?» አልኩት። አዎ አለና ከኮቱ ኪስ ያቺን ማታ ማታ ሽንት ሲወጣ የሚያበራባትን ባትሪ አወጣ! ከደብረ ሲና ይዟት መጥቶ፣ እኔ እንኳን አላውቅም፣ ከሌላኛው ኪስ ክብሪት ተጨመረ። ሰውየው እስኪጠግብ ነው የሳቀው።

ከዚያ ሄልሜት ከነመብራቱ ያጠልቁልሃል፣ ወገብህ ላይ ቀበቶ፣ ቀበቶው ላይ የመብራቱ ባትሪና መርዘኛ ጭስ ቢመጣ አፍ ላይ የሚደረግ መተንፈሻ። ትንሽ ይከብዳል። አባዬ ቆቡን አላወልቅም ብሎ ሄልሜቱን ከላይ ደረበው። ሊፍቱ የብረት ወንፊት ነገር ነው፣ በር ሲዘጋ ይንቋቋል፣ ግድግዳው ፊትህ ላይ ወደ ላይ ይሮጣል፣ አባዬ በስመ አብ ብሎ ክንዴን ያዘኝ። 90 ሜትር ነው የሚያወርደው።

ታች አስጎብኚዎቹ እዚያው አገር በከሰል ስራ ያደጉ ሰዎች ናቸው፣ ይሄ ነው ነገሩን ሙዚየም እንዳይመስል የሚያደርገው። የኛው ሰውዬ የሚያወራው እንግሊዝኛ ግን... እኔ ስንት ዓመት ኖሬ ግማሹ አልገባኝም፣ አባዬ ደግሞ «ምን አለ? ምን አለ?» ይለኛል። ዋሻው ውስጥ ጣሪያውን የያዘውን እንጨት ሲያይ ግን ትርጉም አላስፈለገውም፣ መታ መታ አደረገውና «ባላና ወጋግራ ነው» አለኝ፣ ከዚያ አንዱ ባላ ትንሽ መጉበጡን በእጁ ለሰውዬው አሳየው። ሰውዬውም በምልክት መለሰለት፣ ጣሪያው ሲጫነው እንጨት አስቀድሞ ይጮሃል፣ ያኔ ነው የምትሮጠው። ሁለቱ እዚያ ቆመው እንጨት እያንኳኩ እኔ አስተርጓሚው ተረሳሁ።

አንድ ቦታ ሁላችሁም መብራት አጥፉ ይላል። ወገን፣ እንዲህ ያለ ጨለማ አላየሁም፣ እጅህን አይንህ ላይ ብታደርገው አታየውም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ነው የሕፃናቱን ነገር የሚነግርህ። አየሩ መሄድ ባለበት እንዲሄድ ዋሻው በሮች አሉት፣ ፈረስ ጋሪ እየጎተተ ሲመጣ በሩን ሚከፍት ሚዘጋ ሕፃን ልጅ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ እዚያው ቁጭ ብሎ። በ1842 ነው ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ከመሬት በታች እንዳይሰሩ በሕግ የተከለከለው። ቀስ ብዬ ተረጎምኩለት፣ በጨለማው ውስጥ ድምፁ መጣ፣ «እኔም በዚያ ዕድሜ ከብት ጠባቂ ነበርኩ፣ ጅብ እንጂ ጨለማ አላስፈራኝም።» ትንሽ ቆየና «ፀሐይ ግን ነበረኝ» አለ።

የፈረሶቹ ጋጣም አለ ታች፣ በየጋጣው ላይ የፈረሱ ስም ተጽፏል። እዚህ ጋ አባዬን ማንቀሳቀስ አልተቻለም። የሸዋ ሰው ናችሁ ታውቁታላችሁ፣ ምኒልክ እንኳን አባ ዳኘው የሚባለው በፈረሱ ስም ነው፣ ስም የተጻፈለት ፈረስ ለአባዬ የትልቅ ሰው ፈረስ ነው። «ታዲያ ምን አጥፍቶ ነው እዚህ የታሰረው?» ይለኛል። በዓመት አንዴ ቆፋሪዎቹ እረፍት ሲወጡ ፈረሶቹም ወደ ላይ ወጥተው ሳር ይግጡ እንደነበር ስነግረው ምን ቢል ጥሩ ነው፣ «እንዳንተ።»

እሷ ነገር ወጋችኝ። ምክንያቱም አባዬ እኔን ቢሮ ነው የሚሰራው ብሎ ነው የሚያውቀው፣ እኔም አላረምኩትም። ስራዬ የዶሮ ፋብሪካ ነው፣ የሌሊት ሺፍት፣ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ። እሱ እቤት በነበረበት ጊዜ ሁሉ እዚያው ሻወር ወስጄ ልብስ ቀይሬ ሸሚዝ ለብሼ ነበር ጠዋት የምገባው። ከላይ ስንወጣ ደግሞ የሚያስጎበኙህ ምን መሰለህ፣ የቆፋሪዎቹን መታጠቢያ ቤት። በ1939 የተሰራ፣ ያልታጠበ ልብስ የሚሰቀልበት ሎከር በአንድ በኩል፣ የንጹሁ በሌላ በኩል፣ መሀሉ ሻወር። ከዚያ በፊት ሰውዬው ከሰል ለብሶ ነው ቤቱ የሚሄደው፣ ሚስቱ ውሃ አሙቃ በገንዳ እሳት ዳር ታጥበዋለች። አባዬ ሎከሮቹን አየ አየና «አንተም እንዲህ ነው የምታደርገው?» አለኝ። እጄን እያየ ነበር፣ ቅዝቃዜው የሰነጠቀውን። አዎ አልኩት። ስራው ምን እንደሆነ ካፌው ውስጥ ሻይ ይዘን ነገርኩት። «ዶሮ ነው? ሕጋዊ ነው አይደል? ታዲያ ምን አሳፈረህ» ብሎ ሌላ ወሬ ጀመረ፣ የስንት ዓመት ጭንቀቴ በአንድ ስኒ ሻይ አለቀ።

አሁን እዚህ ሰፈር ውስጥ ይሄን ጉድጓድ ያልሰማ ሰው የለም። ችግሩ አስጎብኚው 300 ጫማ ነው ያለው፣ አባዬ ደግሞ ጫማውን ትቶ 300 ብቻ ነው የያዘው፣ አሁን 300 ሜትር ወረድኩ እያለ ነው የሚያወራው። ትናንት ጎረቤት ቡና ላይ ላርም ብሞክር «አንተ ዶሮህን ጠብቅ» አለኝ በሰው ፊት። የጣርማ በርንም የመኪና ዋሻ ከዚያ ወዲህ መናቅ ጀምሯል፣ «ይሄ ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው፣ በዚያ ላይ መውጫው ይታያል» ይላል።

ለጉዞው፦ ታች ያለው ጉብኝት ወደ 50 ደቂቃ ነው፣ ጎንበስ እያልክ ነው የምትሄደው መሬቱም እርጥብ ነው፣ ጉልበት የሚያመው ሰው ያስብበት። ቁመቱ ከ1 ሜትር በታች የሆነ ልጅ አይወርድም። ፓርኪንግ ይከፈላል፣ የጉድጓዱ ጉብኝት ላይ ክፍያና ወረፋ ካለ ከቤት ሳትወጣ ኦንላይን እይ፣ ሐምሌም ቢሆን ጃኬት ያዝ።

ቆሎዬን መልሱ፦
ጣርማ በር እንዲህ ታስቀኛለህ እንዴ አልቅሼም ስቄም ሞትኩ። ደብረ ሲና ከሆንክ ቆሎ ይዘህልን ና፣ እዚህ በኪሎ የምንገዛው ቆሎ አይደለም።
እኔ ሊድስ ነኝ፣ ወደ ሰሜን ላላችሁ ዌክፊልድ አጠገብ የእንግሊዞቹ የከሰል ሙዚየም አለ፣ ካፕሃውስ ነው ድሮ የሚባለው፣ በ1985 ተዘግቶ በ1988 ሙዚየም የሆነ፣ 140 ሜትር ነው የሚወርደው፣ ለአባትህ ንገራቸው እንዳይኮሩ። ግን ሁሉም ወላጅ አንድ አይደለም ልል ነው፣ እናቴ ሊፍቱ በር ድረስ ሄዳ «እኔ በሕይወቴ መቃብር አልገባም» ብላ ተመለሰች። ላይ በሕይወት ያሉ ፈረሶች አሉ፣ እነሱን ስታሻሽ ዋለች። አታስገድዱ።

ኤሰን ያለ፦
ጀርመን ላላችሁ፣ እኛ ጋ ሶልፈራይን የሚባል የድሮ የከሰል ማውጫ አለ፣ በ1986 የተዘጋ፣ በ2001 ዩኔስኮ የገባ፣ ግቢው ራሱ ትንሽ ከተማ ነው። መውረድ ለምትፈሩ ቦኹም ያለው የማዕድን ሙዚየም ይሻላል፣ ስሩ ያለው ዋሻ ለማሳያ የተሰራ እንጂ ከሰል የወጣበት አይደለም፣ ጥልቀቱም 20 ሜትር ገደማ ነው፣ ሊፍቱ ግን እየተንቀጠቀጠ ብዙ የወረድክ ያስመስልሃል። አክስቴ እስካሁን አልነገርናትም። የጀርመን የመጨረሻው የጥልቅ ከሰል ጉድጓድ እዚሁ ቦትሮፕ በታኅሣሥ 2018 በፈረንጅ ሲዘጋ የመጨረሻዋን ድንጋይ ለፕሬዝዳንቱ አስረከቡት፣ ጎረቤቴ ያለው አዛውንት በቲቪ እያየ እንደ ለቅሶ ቤት ነበር የሆነው።

ባሶ፦
እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ ከአገር ወጥቼ አላውቅም ዝም ብዬ ነው የማነባችሁ። እናንተ የተዘጋ ጉድጓድ ለማየት ወረፋ ትይዛላችሁ፣ እኛ ጋ ሙሽ ሸለቆ ውስጥ ከሰል አለ፣ ሊግናይት የሚሉት ለጋ ከሰል፣ አጥኚዎች እየመጡ ከድንጋዩ መሀል የቅጠል ቅሪት ያወጣሉ፣ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው አሉ። ሲሚንቶ ፋብሪካው ከሰል ይፈልጋል፣ ወጣቱ ስራ ይፈልጋል፣ አንድ ቀን እኛም እንቆፍር ይሆናል። ለዚህ ነው የምጠይቀው፣ እነዚያ ሰዎች ሳንባቸው እንዴት ሆነ?

ጣርማ በር፦
ባሶ ጥሩ ጠየቅክ። አቧራው ሳንባ ውስጥ ተቀምጦ ሰዎቹን ይጨርሳቸዋል፣ እንግሊዝ በሽታውን አምና ለከሰል ሰራተኛ በሙሉ ካሳ መክፈል የጀመረችው በ1943 ነው፣ ከዚያ በፊት ስንቱ ዝም ብሎ አልፏል። አባዬን አንተ ያልከውን ስነግረው «መጀመሪያ መታጠቢያ ቤቱን ይስሩ በለው» አለ።

የሞላሌ ልጅ፦
በቃ ወስኛለሁ ቢግ ፒት ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ እናቴ ነጠላዋን ሳታደርግ ከቤት አትወጣም፣ ችግር አለው?

ጣርማ በር፦
የለውም፣ መስቀለኛ ታጣፋና ቀበቶውን ከላይ ታስረዋለች፣ አባዬም ጋቢውን እንደዚያ ነው ያደረገው። ታች ጠቁሮ ነው የሚወጣው፣ ነጩን አታልብሳት። አባዬ ደግሞ ንገረው ያለኝ፣ አባትህ ባትሪውን ቤት ይተው።