የጊንፍሌ ወንዝ እየሞላ ነው፤ ኤሊዎቹንና ሌሎቹን እንስሳት እንዴት ላውጣ?

ጊንፍሌ ማዶ (ከምሽቱ 2፡10)
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ከወረዳ መጥተው ዛሬ ሌሊት ቤቱን ልቀቁ ብለውናል። ወንዙ አጥራችን ሥር ደርሷል፤ ድምፁም እንደ ሌላው ቀን አይደለም። እናቴንና ልጆቹን አክስቴ ትቀበላቸዋለች። የተቸገርሁት በእንስሳቱ ነው። ሁለት ኤሊዎች፣ ውሻ፣ በቅርቡ የወለደች ድመትና ዶሮዎች አሉን። የጠራነው ታክሲ ውሻውን ሲያይ ትቶን ሄደ። ወንድሜ ደግሞ "ኤሊ የውኃ እንስሳ ነው፣ ግቢ ውስጥ ብንተዋቸው ዋኝተው ይተርፋሉ" ይላል። እውነት ነው? ካልሆነስ በምን ልያዛቸው? ጆንያ ይሆናል?

ፒያሳ ሠፈሬ (2፡14)
አይዞሽ እህቴ። ካርቶን ውስጥ ክተቻቸው፣ ጎኑን በሳ በሳ አድርጊው፣ አለቀ። ኤሊ ቤቱን ተሸክሞ የሚመጣ እንግዳ ስለሆነ አክስትሽን አልጋ አንጥፉልኝ አይላቸውም።

የእንስሳት ሐኪም (2፡17)
ወንድምሽ ያለውን አትስሚ። ግን አንድ ነገር ቶሎ ንገሪኝ፤ እግራቸው ምን ይመስላል? ወፍራምና እንደ ግንድ ድቡልቡል ከሆነ የየብስ ኤሊዎች ናቸው፤ እነዚህ ከጎርፍ ዋኝተው መውጣት አይችሉም፣ ይሰምጣሉ። ጣቶቹ ተዘርግተው በመካከላቸው ቆዳ ካለ ነው የውኃዎቹ የሚባሉት። መጠናቸውንና የምትሄጂበትን ቤት ሁኔታም ጻፊልኝ።

ሕግ ይቅደም (2፡21)
ጥያቄው ከሥሩ መታየት አለበት። ኤሊ የዱር እንስሳ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የዱር እንስሳ ይዞ ለማኖር ፈቃድ ያስፈልጋል። ጉዳዩ የሚመለከተውም የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። በየግቢው ኤሊ ማሳደግ እንደ ጨዋታ ተይዞ ልጆች ጀርባቸው ላይ ሲቆሙ፣ ሰው ደግሞ ቅርፊታቸውን በስቶ በሽቦ ሲያስር አይቻለሁ። ቅርፊቱ ሕይወት ያለው አካል ነው፤ ደምም ነርቭም አለው፤ ሲበሳ ያመዋል። ስለዚህ ዛሬ እንዴት ላውጣቸው ከማለት አስቀድሞ ለምን እዚያ ተገኙ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የድሬ ልጅ (2፡24)
ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው፤ ግን ውኃው አጥር ሥር ነው። ባለሥልጣኑ ነገም ከነገ ወዲያም ይገኛል።

ጊንፍሌ ማዶ (2፡26)
አባቴ ነፍሱን ይማርና መንገድ ሥራ ላይ ሳለ ከአዋሽ በኩል ነው ያመጣቸው፤ እኔ ሳልወለድ ነበሩ። ፈቃዱን በኋላ እጠይቃለሁ። እግራቸው እንደ ግንድ ነው። ቅርፊታቸው ቢጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ትንሹን እኔ እሸከመዋለሁ፤ ትልቁን ግን ብቻዬን አልችለውም። አሁን ደግሞ የት እንደገባ አላገኘሁትም። አክስቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። መብራት ጠፍቷል፣ ስልኬም እየሞተ ነው።

የእንስሳት ሐኪም (2፡33)
እንግዲያው የየብስ ኤሊዎች ናቸው። እንዳትተዪአቸው።

ትልቁን ፈልጊው፤ ሩቅ አልሄደም። ኤሊ የገላው ሙቀት የአየሩ ሙቀት ነው። በነሐሴ ሌሊት አዲስ አበባ ወደ 10 ዲግሪ ስትወርድ እግሩ ይተሳሰራል፤ ውኃ ቢመጣበት እንኳ መሸሽ አይችልም። የማገዶ ክምር ሥር፣ የተደገፈ ቆርቆሮ ኋላ፣ የውኃ ታንከር ማዕዘን ላይ በባትሪ እዪ። ቆርቆሮውን ስትስቢ ቅርፊቱ ሲነካው ትሰሚዋለሽ።

ስታነሱት አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ ከፊትና ከኋላ እግሮቹ መካከል ቅርፊቱን ይያዝ። በእግሩ አትጎትቱት። በጀርባው አትገልብጡት፤ ሳንባው ከላይኛው ቅርፊት ሥር ስለሆነ ሲገለበጥ የሆድ ዕቃው ይጫነውና መተንፈስ ያቅተዋል። ሲነሳ ሽንቱን ሊለቅ ይችላል። ይህን አስታውሺው፤ ኤሊ ውኃ የሚያጠራቅመው ፊኛው ውስጥ ስለሆነ ሲደነግጥ የለቀቀውን በኋላ መተካት ይኖርብሻል።

ጆንያ አይሁን። ለትልቁ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ ለትንሹ ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን። ከሥሩ አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፊለት፤ ካልሆነ በየመታጠፊያው እየተንሸራተተ ከጠርዝ ጠርዝ ይጋጫል። ከላይ ጋቢ ጣል አድርጊበት፤ ጨለማ ሲሆንለት አንገቱን አስገብቶ ዝም ይላል። ሁለቱን በአንድ ሣጥን አታድርጊ፤ ወንዶች ከሆኑ ይዋጋሉ፣ አንዱም ሌላውን ሊገለብጠው ይችላል። ምግብ አያስፈልግም። ጤነኛ ኤሊ ሳይበላ ሳምንታት ይቆያል።

ከካዛንቺስ (2፡36)
እህቴ አትቀየሚኝ፤ ሰው ነፍሱን ለማውጣት በሚሯሯጥበት ሌሊት ስለ ኤሊ ሳፋ ማሰብ ልክ አይመስለኝም። ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ። ኤሊ ይተካል።

የድሬ ልጅ (2፡41)
አልስማማም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ድሬዳዋን ጎርፍ የመታት ሰው ተኝቶ ሳለ ነው፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀብን። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ጎርፍ ያየሁት አንድ ነገር ነው። ሰው ወጥቶ ከተረፈ በኋላ ውሻው ወይም ፍየሉ ትዝ ይለዋል፣ ይመለሳል፣ በዚያው ይቀራል። እንስሳቱ አስቀድመው ከወጡ የሚመለስ ሰው አይኖርም። ለዚህ ነው የኤሊው ሳፋ የልጆቹም ጉዳይ የሚሆነው።

ጊንፍሌም ቀበናም ከእንጦጦ ነው የሚወርዱት። ሠፈራችሁ ላይ ዝናቡ ቢያባራ እንኳ ላይ ከዘነበ ይሞላል። ዝናቡ ቆመ ብላችሁ እንዳትዘናጉ። የሚፈስ ውኃ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ አዋቂ ሰው ይጥላል። ቆጣሪው ጋ ያለውን ዋና ማጥፊያ በደረቅ እጅ፣ በደረቅ መሬት ቆመሽ አጥፊው፤ መብራት ውኃው መሀል ሳላችሁ ሊመለስ ይችላል። እግራችሁ ውኃ ውስጥ ከሆነ ግን አትንኩት። የተከበባችሁ ከመሰላችሁ ወደ 939 ደውሉ፤ የእሳትና አደጋ ስጋት ነው። ውሻውን ከሰንሰለቱ ፍቱት። አሁን! ታስሮ የሚሰምጥ ውሻ የሚጮኸውን ጩኸት ሰምቻለሁ፤ ማንም እንዲሰማው አልፈልግም።

ፒያሳ ሠፈሬ (2፡43)
እኔ አሁንም ካርቶን እላለሁ። ቀላል ነው፣ ከማንኛውም ሱቅ በር ላይ ይገኛል።

ዶሮ አርቢ (2፡47)
ለኤሊ ካርቶን በዝናብ አይሆንም ወንድሜ። ከሥሩ ሲርስ፣ ኤሊውም ሲሸና፣ ደረጃ ላይ ተቦጭቆ ይወድቃል። ለዶሮ ግን ካርቶን የመሰለ የለም። ዶሮ በጨለማ አያይም፤ ቆጥ ላይ እንደተቀመጡ ባትሪ ሳታበሪ ከክንፋቸው በላይ በሁለት እጅሽ አቅፈሽ አንድ በአንድ ክተቻቸው። እግራቸውን አስረሽ ቁልቁል አታንጠልጥያቸው። ገበያ የለመድነው ነገር ነው፣ ግን ረጅም መንገድ ላይ ይታፈናሉ። ቀዳዳውን ከላይ ሳይሆን ከጎን ብሺው፤ ዝናብ ይገባል።

ታክሲውን ተዪው። ዕቃ የሚያመላልስ ፒክአፕ ከነሸራው ጥሪ፤ ስትደውዪ ግን ውሻ እንዳለ አስቀድመሽ ንገሪው፤ ደርሶ እንዳይመለስብሽ።

የድመት እናት (2፡52)
ስለ ድመቷ ማንም አልነገረሽም። እናቲቱን አስቀድመሽ አትያዢ። ግልገሎቹን የተኙበትን ጨርቅ እንዳለ አንስተሽ ሣጥን ውስጥ አድርጊያቸው፤ ሽታቸውን ተከትላ ራሷ ትገባለች። ከፈራች ፎጣ ጣል አድርገሽባት ጠቅልለሽ አስገቢያት። ሣጥን ካጣሽ የትራስ ልብስ ይሠራል፤ አየር ያስገባል፣ አፉም ይታሰራል። በሩንና መስኮቱን ዘግተሽ ጀምሪ። በ2017 ታኅሣሥ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃችንን ሲያወዛውዘው ጎረቤቴ በሩን ከፍታ ድመቷን ስትጠራ፣ ድመቷ በእግሯ ሥር አልፋ ደረጃውን ወረደች፤ ከዚያ በኋላ አልተገኘችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔን ሣጥን አልጋ ሥር ክፍቱን አስቀምጬ እዚያ ውስጥ እንድትተኛ አስለምጃታለሁ።

ጊንፍሌ ማዶ (3፡05)
ትልቁ ተገኘ! ቆርቆሮው ኋላ ነበር። ሳፋው ልክ ሆነ። ድመቷ ገባች። ፒክአፕ እየመጣ ነው። ስልኬ 4 በመቶ ነው ያለው። እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

የእንስሳት ሐኪም (3፡12)
ከደረስሽ በኋላ የምታነቢው ይሁን።

ከረጠቡ በጨርቅ አድርቂያቸው። የፈላ ውኃ ሳይሆን ሞቅ ያለ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ በሣጥኑ አንድ ወገን ብቻ አድርጊላቸው፤ ከሞቃቸው የሚሸሹበት ወገን ይኑር። የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታግቢ። ጋዙ አይሸትም፤ ኤሊውንም እናትሽንም ይገድላል።

ጠዋት ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ እስከ አገጫቸው ብቻ አድርገሽ ሃያ ደቂቃ ያህል አቁሚያቸው፤ አጠገባቸው ሆነሽ ጠብቂ። የለቀቁትን በዚያ ይተካሉ።

በረንዳ ላይ አታሳድሪያቸው። ኤሊ ይገፋል፣ ይወጣል፤ አራተኛ ፎቅ ነው ያልሽው። መታጠቢያ ቤቱ ይሻላል፤ ሴራሚኩ ስለሚቀዘቅዝ የፒያሳው ወንድማችን ካርቶን እዚያ ይነጠፍ። ሳፋውን ምግብ በሚታጠብበት ቦታ አትጠቡት። ኤሊ ጤነኛ መስሎ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ይይዛል፤ በተለይ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይነካቸው፣ የነካም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ሌላ ሰው ይህን የሚያነብ ካለ፦ ውኃ ውስጥ ሰምጦ የተገኘ ኤሊ ዝም ስላለ ሞቷል ብላችሁ አትጣሉት። ትንፋሽ ሳይወስድ ረጅም ጊዜ መቆየት ይችላል። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘንበል፣ አንገቱን ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ሳብ አድርጉና ውኃው ይፍሰስ። ቢነቃም በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ሳንባው ውስጥ የቀረው ውኃ የሳንባ ምች ያመጣበታል።

ሕግ ይቅደም (3፡20)
ፎቶ አንሱዋቸው። የሆዳቸው ቅርፊት ምልክት የሁለት ኤሊ አይመሳሰልም፤ ቢጠፉ መለያ ይሆናል። ለፈቃዱም ይጠቅማል። በሰላም ግቡ።

ከካዛንቺስ (በማግስቱ ከጠዋቱ 1፡30)
ጊንፍሌ ማዶ፣ ደረሳችሁ? ያልሁትን እንዳልሁ ነኝ፤ ግን ሌሊቱን ሳስባችሁ አደርሁ። አንድ ቃል ጻፊልን።

የድሬ ልጅ (ከጠዋቱ 2፡05)
ስልኳ ተዘግቶ ይሆናል። ጀሞ ያላችሁ ሰዎች ካያችኋት ንገሩን።

ቀበና ድልድይ (ከቀኑ 6፡40)
ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። እኛም ወንዝ ዳር ነን። ልጄ ጣሪያ ላይ እርግቦች ያረባል። ውኃ ቢመጣ ቤታቸውን ከፍተን ብንለቃቸው አይሻልም?

ዶሮ አርቢ (ከቀኑ 7፡15)
ቀን ከሆነና ጊዜ ካጣችሁ አዎ፣ ክፈቱላቸው። ሌሊት ከሆነ ግን አይበሩም፤ እንደ ዶሮዎቹ በካርቶን አውጧቸው። ዋናው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እርግብ ያደገበትን ቤት አይረሳም። የወሰዳችሁበት ቦታ ወዲያው ከለቀቃችኋቸው ተመልሰው ጎርፉ ያለበት ጣሪያ ላይ ነው የምታገኟቸው። አዲሱን ቦታ እስኪለምዱ ለሳምንታት ዘግታችሁ አብሏቸው። ልጁ ቤታቸውን በሚስማር ጣሪያው ላይ መትቶት ከሆነም ቶሎ ፈትቶ ለማንሳት እንዲመች ከአሁኑ ሚስማሩን ነቅሎ በገመድ ይሰረው።