ሁለቱም ጫፍ የሲም ኢንተርኔት ሲሆን ዋየርጋርድን በቀጥታ ማገናኘት ይቻላል?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ መላ በሉኝ። ቢሾፍቱ አባቴ ዶሮ እርባታ ውስጥ የጫጩቶቹን ክፍል ሙቀት የሚከታተል ካሜራ ያለው ራስበሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) አለ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ ከፓዩ ጋር በዋየርጋርድ (መሣሪያዎችን በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኝ ቪፒኤን) መገናኘት እፈልጋለሁ። በሁለቱም በኩል ያለው የሲም ራውተር ነው፤ የሚሰጣቸውም አድራሻ በ100.64 ይጀምራል፤ ይህ ኔትወርክ አቅራቢው ብዙ ደንበኞችን በአንድ አይፒ ሲያጋራ የሚሰጠው የውስጥ አድራሻ ነው። ስለዚህ የራሳችን ፐብሊክ አይፒ (ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ) የለንም፣ ፖርት መክፈትም ዋጋ የለውም። ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭን (መስመሩ እንዳይዘጋ በየጊዜው ትንሽ መልእክት የሚልከውን ቅንብር) 25 ሰከንድ አድርጌዋለሁ፤ ሁለቱ መገናኘታቸውን የሚያሳየው "ላተስት ሃንድሼክ" የሚለው መስመር ግን ጭራሽ አይመጣም።

ጀርመን በተከራየሁት ሰርቨር በኩል ሳዞረው ይሠራል። ግን ምስሉ በጣም ይንቀረፈፋል። ጫጩት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ብርድ አይችልም፣ ማሞቂያው ሲጠፋ ቶሎ ማየት አለብኝ።

ሰርቨሩ ሁለቱን ካስተዋወቀ በኋላ ዳታው በቀጥታ እንዲሄድ ያደረገ ሰው አለ? ወይስ ናቱ (የውስጥ አድራሻችንን ወደ ጋራው ፐብሊክ አይፒ የሚቀይረው የአቅራቢው ሥርዓት) ለየመዳረሻው ፖርት የሚቀያይር ከሆነ አይሞከርም?