«ቦርድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፦ ሳንቃ፣ ቀለብ፣ ጉባኤ

ጥያቄ፦ የእኅቴ ልጅ ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የደረሰውን የነጻ ትምህርት ዕድል ደብዳቤ ለአባቱ ወደ አማርኛ ሲመልስ «ክፍልና ቦርድ ይሸፈናል» ብሎ አነበበላቸው። አባትየው ጥቂት አሰብ አድርገው «ለጥቁር ሰሌዳውም ያስከፍሉ ኖሯል?» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን፤ ነገር ግን ከሳቅነው መካከል የቃሉን ትርጉም የሚነግራቸው አንድም ሰው አልተገኘም። «ሩም ኤንድ ቦርድ» ሲባል ቦርዱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ለአባትየው በአክብሮት ይንገሯቸው፤ የተሸፈነው ቀለቡ ነው። ሐረጉ በአማርኛችን «መኝታና ቀለብ» ማለት ነው። ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ የተጠረበ ሳንቃ ስም ነበር። ሳንቃው በእግሮች ላይ ሲጋደም የመመገቢያ ጠረጴዛ ሆነ፤ በላዩ የሚቀርበው ምግብ በጠረጴዛው ስም ተጠራ፤ በሰው ቤት ከፍሎ የሚበላና የሚያድር ሰውም «ቦርደር» ተባለ። በሌላ በኩል፣ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚመክሩት ሰዎች ራሳቸው «ቦርድ» ተባሉ፤ የእኛዎቹ የዳይሬክተሮች ቦርድና ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ስማቸውን የወረሱት ከዚህኛው ፍቺ ነው።

መዝገበ ቃላት ገልጠን ስንፈልግ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ፍቺ «ሰሌዳ» የሚለው ነው። ይህ ለጥቁር ሰሌዳና ለማስታወቂያ ሰሌዳ ይበቃል፤ ከዚያ አያልፍም። እኔ እንደሚመስለኝ ለቦርድ እውነተኛው ወንድም «ገበታ» ነው። ገበታ መነሻው እንጨት ነው፤ እንጀራ የሚቀርብበት ጠፍጣፋ እንጨት። ከዚያ «ገበታ ቀረበ»፣ «ከገበታ ተነሣን» ስንል እንጨቱ ተረስቶ ምግቡ ብቻ ቀረ። በየኔታ ፊት ተቀምጠን በስንደዶ እየጠቆምን ሀ ሁ የቆጠርንበትም የፊደል ገበታ ነው። ጉድጓድ ጉድጓድ ተፈልፍሎ በጠጠር የሚጫወቱበትም እንጨት፣ ጨዋታውም ጭምር፣ ገበታ ይባላል፤ እንግሊዞችም የቼዝ መጫወቻውን ቦርድ ይሉታል። ሁለት ዝምድና የሌላቸው ቋንቋዎች ከአንድ ሳንቃ ተነሥተው ምግቡንም፣ ጽሕፈቱንም፣ ጨዋታውንም በዚያው ስም መጥራታቸው ያስደንቃል።

እንዲያውም ገበታ እንግሊዝኛው ያልደረሰበት ደርሷል። ዜና አንባቢው «ሠራተኞቹ ወደ ሥራ ገበታቸው ተመለሱ» ወይም «ከትምህርት ገበታ ውጪ የሆኑ ሕፃናት» ሲል የሰማ ሰው ምግብም ሳንቃም ትዝ አይለውም፤ ቦታውንና ተግባሩን አንድ ላይ ይረዳል። በ2011 ዓ.ም. በቤተ መንግሥት የተሰናዳው፣ ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የተጠየቀበት እራት «ገበታ ለሸገር» ሲባል ስሙ እራቱንም መዋጮውንም ይዞ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የተጀመረውና ጎርጎራን፣ ወንጪንና ኮይሻን ለማልማት የታሰበው «ገበታ ለሀገር» ግን ከእራትነት ወጥቶ የፕሮጀክት ስም ሆኗል።

ገበታ ያልሄደበት አንድ መንገድ አለ፤ እርሱም ጉባኤው ነው። አበው ሥልጣንን የሰየሙት በሚበሉበት ሳይሆን በሚቀመጡበት ነው። በቀድሞው የዳኝነት ሥርዓት ዳኞች «ወንበሮች» ይባሉ ነበር፤ ዙፋኑ «አልጋ» ስለሆነ የንጉሡ ተተኪ «አልጋ ወራሽ» ተባለ፤ የስብሰባ መሪም «ሊቀ መንበር» ነው። ስለዚህ «የቦርድ ሊቀ መንበር» ስንል ከእንግሊዝኛ ጠረጴዛውን፣ ከግእዝ መቀመጫውን አምጥተን የአንድ ክፍል ዕቃ አሟልተናል ማለት ነው።

«ቦርዲንግ ስኩል» በአማርኛ አዳሪ ትምህርት ቤት መባሉንም ልብ ይሏል። እንግሊዝኛው ተማሪውን በሚበላበት ማዕድ ሲሰይመው፣ እኛ ሌሊቱን ቆጥረን አዳሪ አልነው፤ ማታ ማታ ወደ ቤቱ የሚሄደውን ደግሞ ተመላላሽ። ማደር በአማርኛ ከመተኛት ያለፈ ትርጉም ያለው ግስ በመሆኑ (ሠርቶ አዳሪን ያስቧል) ይህ ትርጉም ከመነሻው የተሻለ ሆኖ አገኘዋለሁ።

የመርከቡና የአውሮፕላኑ «ኦን ቦርድ» ሌላ ነው። እዚያ ቦርድ የመርከቡ ጎን ነው፤ ሰው ከጎኑ ወደ ውስጥ ሲገባ ተሳፈረ፣ ወደ ውጪ ሲወድቅ «ኦቨርቦርድ» ሆነ። ከፈሊጦቹ «አቦቭ ቦርድ» የመጣው ከካርታ ጨዋታ ነው፤ እጁን ከጠረጴዛው በላይ ያደረገ ተጫዋች አያጭበረብርምና «በግልጽ፣ ያለ ተንኮል» ብለው ይመልሱታል። «አክሮስ ዘ ቦርድ» ከአሜሪካ የፈረስ ውርርድ የወጣ ሲሆን በአንድ ፈረስ ላይ ለአንደኝነትም፣ ለሁለተኝነትም፣ ለሦስተኝነትም መወራረድ ነበር፤ ዛሬ የደመወዝ ጭማሪ በዚህ መልክ ተደረገ ሲባል ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ነካ ማለት ነው።

ተጨማሪ፦ ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ግሩም ነው፤ ነገር ግን አማርኛ ራሱ ለቦርድ የሰጠው አዲስ ፍቺ ተዘሏል። ወታደር ቤት ያለፈ ሰው «ቦርድ ወጣሁ» ሲል፣ የሐኪሞች ቦርድ መርምሮት በቁስል ወይም በሕመም ምክንያት ለአገልግሎት ብቁ አይደለም ተብሎ ተሰናበተ ማለት ነው። በሲቪል መሥሪያ ቤትም ይሠራበታል። ይህን «ወጣ» ከሚለው ግስ ጋር የተጋባ ቦርድ እንግሊዛዊ ቢሰማው አይረዳውም።

እኔ በዋሽንግተን አካባቢ ሰነድ እየተረጎምኩ ስኖር፣ አንድ ጉልበታቸውን የተመቱ አዛውንት ቀድሞ ሌላ ሰው የተረጎመላቸውን ወረቀት ይዘው መጡ። «በቦርድ ተሰናበተ» የሚለው «ቦርዱ አባረረው» ተብሎ ስለተጻፈ፣ ጉዳያቸውን ያየው ሹም የየትኛው ኩባንያ ዳይሬክተር እንደነበሩና በምን ጥፋት እንደተባረሩ በጽሑፍ እንዲያስረዱ ጠይቋቸዋል። «ልጄ፣ እኔ ሃምሳ አለቃ ነበርኩ፤ ኩባንያው ከየት መጣ?» አሉኝ። ሐረጉን «በሕክምና ቦርድ ውሳኔ፣ በጉዳት ምክንያት በክብር ተሰናበተ» ወደሚል እንግሊዝኛ ለወጥኩላቸው፤ «ተባረረ» የሚለውን ቃል ከወረቀቱ እስክሰርዝ ድረስ ከፊቴ አልተነሡም።