በፍርሃት የተፈረመ ውል፦ ሮማውያን ፍርሃትን በምን ይለኩ ነበር?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)
ሰላም ለሁላችሁ። ለሕግ ተማሪዎች ውይይት እየተዘጋጀን ነው። ዛቻ ፈርቶ ወይም ሽማግሌ አፍሮ የፈረመ ሰው በሮማ ሕግ ውሉ ይፈርስለት ነበር? ፍርሃት ፈቃድን ያጠፋል ብለው ነው?

መልስ 1
ፈቃድን ያጠፋልስ አላሉም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ጳውሎስ (ሐዋርያው ሳይሆን የሕግ ሊቁ) «ነጻ ብሆን እንቢ እል ነበር፤ ግን ተገድጄም ቢሆን ፈቅጃለሁ» የሚል ሐሳብ አለው። ከሁለት ክፉ የቀለለውን የመረጠ ሰው መርጧል። ስለዚህ ውሉ በጥንቱ ሕግ ይጸናል፤ የሚያፈርሰው ፕራይቶር የተባለው የፍርድ ሹም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 80 ገደማ፣ በአምባገነኑ ሱላ ዘመን ንብረት በዛቻ ከተነጠቀ በኋላ፣ ፕራይቶሩ ኦክታቪየስ ለዚህ ክስ መንገድ ከፈተ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ተፈራሚው ገና ካልከፈለ፣ ሲከሰስ ፍርሃቱን መከላከያ ያደርጋል። ከፍሎ ከሆነ ራሱ ይከሳል። ዳኛው መጀመሪያ «መልስ» ይላል፤ ተከሳሹ ከመለሰ ነጻ ይወጣል፣ እንቢ ካለ አራት እጥፍ ይፈረድበታል። አንድ ዓመት ካለፈ ግን የሚገኘው የተወሰደው ዋጋ ብቻ ነው። ንብረቱ ሦስተኛ ሰው እጅ ቢገባም ክሱ ይከተለዋል። ማን እንዳስፈራራ መጥራትም ግዴታ አልነበረም፤ መፍራቱን ማስረዳት ይበቃል።

መለኪያው የፈሪ ፍርሃት ሳይሆን እጅግ ጽኑ የሆነ ሰው እንኳ የሚደርስበት ነው፤ ሞት፣ የአካል ሥቃይ፣ እስራት የመሰለ። ለልጅ መፍራት ይቆጠራል፤ እንዲያውም ወላጅ ከራሱ ይልቅ ለልጁ እንደሚፈራ ጽፈዋል። ስም መጥፋትን መፍራት ግን፣ ሌላው የሕግ ሊቅ ኡልፒያን እንዳለው፣ አይቆጠርም።

መልስ 2
የመጨረሻው ላይ የእኛ ሕግ ይለያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ፍትሐ ብሔር፣ አንቀጽ 1706፣ ሕይወትን፣ አካልንና ንብረትን ብቻ ሳይሆን ክብርንም ይጨምራል። አደጋው ከባድና የቀረበ መሆን አለበት፤ በራስ፣ በወላጅ፣ በተወላጅ ወይም በባልና ሚስት ላይ የመጣ።

ጠያቂ
እናመሰግናለን። ታዲያ በመንዝ ወይም በአንኮበር ሽማግሌ ተሰብስቦ «እንቢ ካልክ እናዝንብሃለን» ቢል?

መልስ 2
ማፈርና ማክበር ብቻውን አያፈርስም። አንቀጽ 1709 ወላጅን ወይም አለቃን ከማክበር የመጣ ፍርሃትን ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ የሚያፈርሰው ያ የተከበረው ሰው ራሱ ተዋዋይ ሆኖ ከልክ ያለፈ ጥቅም ሲያገኝበት ነው። «እከስሃለሁ» ማለትም (1708) መብትን መጠቀም ነው፤ ከልክ ያለፈ ጥቅም ለመንጠቅ ካልዋለ በቀር። በሽማግሌዎቹ መሐል «ቤትህ ይቃጠላል» ያለ ካለ ግን ነገሩ ወደ 1706 ይሻገራል። በተግባር ጉዳዩ የሚበላሸው በቀን ነው፦ በአንቀጽ 1810 መሠረት ፍርሃቱ ከተወገደ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተከሰሰ መብቱ ይቀራል። ስለዚህ ዛቻው መቼ እንዳበቃ የሚመሰክር ሰው ከወዲሁ ይያዝ።