ልጄ አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ)፦ ትምህርት ቤት በኮሮና ምክንያት ከመጋቢት 7 ጀምሮ ዝግ ነው። የ7 ዓመት ልጄ አልጋ ላይ መሽናት ከተወ ስንት ጊዜው፣ አሁን ግን በሳምንት ሦስት አራቴ ያረጥባል፣ እጁንም ቆዳው እስኪሰነጠቅ ይታጠባል። ትናንት "አያቴን ባቅፋት ትሞታለች?" አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ እንዳትቆጪው፣ ፍርሃት ነው። የኔዋ እንቅልፏ የተመለሰው የየቀኑን የኮሮና ቁጥር በቲቪ መስማት ስናቆም ነው። ለአያቱ ደውሉና ድምጿን ይስማ።

መልስ፦ "ምንም የለም" ብለሽ ግን አትሸውጂው፣ ልጅ ያውቃል። ለመታጠብ 20 ሰከንድ ይበቃል በይው። ካልተሻለው ሐኪም ይየው።

መልስ፦ ከርዕስ ልውጣና፣ በረኪና በሃይላንድ የምትቀዱ ሰዎች ተዉ! የወንድሜ ልጅ ውሃ መስሎት ሊጠጣ ሲል ነው የደረስንበት።

ጠያቂ፦ ወይኔ፣ የኛም በሃይላንድ ነው። አሁኑኑ ላንሳው።