ፎርት ፑላስኪ፦ እንግባ ወይስ እንለፈው?

መንገደኛው፦
ሰላም ወገን! በሚቀጥለው ወር አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት፣ ሳቫና ከተማ ነን። ወደ ታይቢ ደሴት በሚወስደው መንገድ ረግረግ መሃል የቆመ ፎርት ፑላስኪ የሚባል የድሮ የመድፍ ምሽግ አለ አሉኝ። ባለቤቴ "ግድግዳ ለማየት ነው በዚህ ፀሐይ?" እያለች ነው። የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉን። የሄዳችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ጡብ ቆጣሪ፦
ግቡ እንጂ! ግን ዘላችሁ ውስጥ አትግቡ። መጀመሪያ በውጪ ዞራችሁ የደቡብ ምሥራቁን ማዕዘን እዩ። ግድግዳው ፈንጣጣ የወጣበት ፊት ነው የሚመስለው፣ የመድፍ ጥይቶቹ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ጡቡ ውስጥ እንደተሰኩ ናቸው። ቀላ ያለው ጡብ ከተመታ በኋላ የተጠገነው ነው። ይህ ምሽግ ከ1829 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ፣ 25 ሚሊዮን ያህል ጡብ በልቶ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ደቡቦቹ ይዘውት ሳለ በሚያዝያ 1862 በ30 ሰዓት ድብደባ እጁን ሰጠ። የሰሜኑ ጦር ታይቢ ላይ ሆኖ ከአንድ ማይል በላይ ርቀት ነው የደበደበው። አዲሶቹ መድፎች አፈሙዛቸው ውስጥ ጠመዝማዛ መስመር ስላለው ጥይቱ እየተሽከረከረ ይወጣል፣ ሩቅ ሄዶም ጡቡን ይሰረስራል። ግድግዳው ሲበሳ ጥይቱ ግቢውን አቋርጦ ወደ ባሩድ ማከማቻው መድረስ ጀመረ። አዛዡ ምን ያድርግ፣ ነጭ ባንዲራ ሰቀለ።

የሚገርመው ሮበርት ሊ፣ የደቡቡ ጦር ጄኔራል ነው። ወጣት መሐንዲስ ሳለ የዚያን ረግረግ ውሃ ማፋሰሻ የሠራው እሱ ነበር፣ በኋላ ጄኔራል ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ከዚያ ርቀት ግድግዳውን አይበሱትም ብሎ ነበር። አይ ሊ!

ቢንቢ የበላችው፦
እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። ረጅም ሱሪና የቢንቢ መከላከያ ያዙ፣ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ተናካሾች አሉ፣ ነፋስ ከሌለ አለቀላችሁ። ባሕሩ በጣም የሚሞላበትን ሰዓትም አጣሩ፣ ሀይዌይ 80 ውሃ ይተኛበታል። ላይኛው ጣሪያ ላይ ልጆቹን ከእጃችሁ አትልቀቁ።

ሰማዕ፦
ዋናውን ረሳችሁት። ምሽጉ በተያዘ በሁለተኛው ቀን የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ዴቪድ ሀንተር ምሽጉና ምሽጉ ያለበት ኮክስፐር ደሴት ላይ ያሉ ባሪያዎች ነፃ ናቸው ብሎ አወጀ። ባሪያዎችን ነፃ ያለው የፕሬዚዳንት ሊንከን አዋጅ ገና አልወጣም ነበር። ከየእርሻው ያመለጡ ሰዎች ያንን ረግረግ አቋርጠው ይመጡ ነበር። ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ጭቃውን ስታዩት ይገባችኋል።

መንገደኛው፦
በቃ እንገባለን። ለባለቤቴ የሊንና የሀንተርን አነበብኩላት፣ እሺ አለች። የቢንቢውን ዘልዬዋለሁ።